የወደድነውን ከነመንገዱ መንገር

(በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት የምሽት ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ «በዚህ ሰሞን የሚወዷቸውን ትንንሽ ነገሮች ይንገሩን» ብለው ሲጠይቁኝ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ «ትንንሽ» ማለታቸው ነው። ለትልልቁ ፍቅር ቦታ አላጣንም። ለአገር ግጥም አለ፣ ለእናት ዘፈን አለ፣ ለፈጣሪ መዝሙርና መንዙማ አለ። የነጠላን ጠርዝ፣ የቅቤን ድምፅ፣ በብራና ገጽ ላይ ያለችን አንዲት ቀዳዳ ግን ማን መድረክ ላይ ያወጣቸዋል? እነዚህ የሚነሡት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ ነው፤ እሱም በአቦልና በቶና መካከል፣ ሌላ ወሬ እስኪመጣ ድረስ።

ሥዕል አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ የምለፋው ልጆች ልብ ብለው እንዲያዩ ነው፤ ከዚህም ልፋት ያገኘሁትን እምነት አስቀድሜ ልናገር። ትንሽ ነገርን መውደድ ሳይነገር ሲቀር ጎዶሎ ይሆናል። ሲነገርም «እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ» ተብሎ ከተተወ ሰሚው ምንም ይዞ አይሄድም። ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ሠራው፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዓይናችን ወይም ጆሯችን የቱ ጋ እንደ ቆመ ስንነግረው ግን ሰሚው ያንኑ ነገር በራሱ እጅ ሊያገኘው ይችላል። እኔ ማካፈል የምለው ይህን ነው፤ የወደዱትን ከነመንገዱ መስጠትን።

እንግዲህ ስልኬን ወደ ድምፅ ማጉያው ላስጠጋና አንድ ነገር ላሰማችሁ።

ሰማችሁት? ቅቤ ሲነጠር ነው። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ሲንጣጣ፣ ሲንጫጫ፣ ድስቱን ሲደበድብ። አሁን ደግሞ አዳምጡት፤ መንጣጣቱ ሳሳ፣ በመካከሉ ዕረፍት ገባ። ይኸው፣ አሁን ዝም ሊል ነው። በዚህ ሰሞን ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ዝም ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጋ ቅቤ በውስጡ ውሃ አለው። ድስቱ ሲሞቅ የሚንጫጫው እሱ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የቅቤው ሙቀት ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ ውሃው ቅቤውን ይጠብቀዋል ማለት ይቻላል። ውሃው ባለቀ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል፣ አረፋው ይሰክናል፣ የቅቤው ገጽ ይጠራል፣ ከድስቱ በታች የተቀመጠው አተላ ይታያል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ጠባቂ የለውም። ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ኮሰረቱ ያርራል፣ አብሹ ይመርራል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። እናታችን «ዝም ሲል አውጡት» ትለን የነበረው ለዚህ ነው። ምክንያቱን አልነገረችንም፤ ምልክቱን ግን አልደበቀችንም።

እህቴ የምትኖረው በዋሽንግተን አቅራቢያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኮሰረቱም፣ በሶብላውም፣ ኮረሪማውም ከነቅርፊቱ ከዚህ በሻንጣ ይሄድላታል። አንድ ቀን ደውላ «ለስንት ደቂቃ ነው የማነጥረው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? ቅቤዋ ሌላ፣ ድስቷ ሌላ፣ ምድጃዋ የኤሌክትሪክ፣ አገሯ ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 100 ዲግሪ ተጠግቶ ነው። የእኔ ደቂቃ ለእሷ አይሠራም። ስለዚህ ስልኬን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ከመጀመሪያው መንጣጣት እስከ መጨረሻው ዝምታ ያለውን ድምፅ ቀዳሁና ላክሁላት። እሷም የእኔን ቅቤ በአንድ ጆሮዋ፣ የራሷን በሌላው እያዳመጠች አነጠረች። ማታ ላይ የላከችልኝ ፎቶ ውስጥ ያለው ቅቤ ወርቅ የመሰለ ነበር። የእናታችንን ምልክት ከቀዳሁት ድምፅ ጋር በእጇ ማድረጓ ለእኔ ከፎቶው ይበልጣል፤ አሁን ለሴት ልጇ ታስተምራለች።

በእኛ ዘንድ ግን እንዲህ ያለው ነገር ሁልጊዜ አይነገርም። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር አከብረዋለሁ፤ ሰው በሥራው እንዳይታበይ፣ ከወሬ ይልቅ እጁ እንዲናገር ያስተምራል። ነገር ግን ብዙ ቤት ውስጥ የጓዳ ቁልፍ ሆኗል። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ፤ አዋዜያቸው ከሌላው ሰው አዋዜ በመዓዛው ይለያል፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተስካር ከእሳቸው ቤት ነበር የሚወሰደው። ሲያርፉ አዋዜውም አብሮ አለፈ። አንደኛዋ ልጃቸው የሚገባውን ጠጅ መጠን ታስታውሳለች፤ ሁለተኛዋ ነጭ ሽንኩርቱ ተጠብሶ ይሁን ጥሬውን እንደሚገባ ታውቃለች፤ ያን ሽታ የሰጠችው ቅጠል ምን እንደ ነበረች ግን ሁለቱም አያውቁም። እሳቸው ክፉ ሆነው አልነበረም። የጠየቃቸው ሁሉ «እጅዎ ነው የሚጣፍጠው» ብሎ አልፏቸዋል፤ እጃቸው ምን እንደሚያደርግ ቀርቦ ያየ ሰው አልነበረም። በዚህ ላይ ዓይንን እንፈራለን። ጥሩ ነገር ሲያጋጥመን ሰው እንዳያይብን፣ ስናወራለት እንዳይጠፋብን እንሰጋለን። ይህን ፍርሃት የወለደው ኑሮ ነውና አላቃልለውም። ሆኖም ሳይነገር የቀረውን ነገር ዓይን ባይበላውም ጊዜ ይበላዋል።

ከዓይን የባሰ ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ደግሞ ያየሁት በክፍሌ ውስጥ ነው።

አርብ አርብ ተማሪዎቼ ተራ በተራ በዚያ ሳምንት የወደዱትን ትንሽ ነገር ይዘው ይመጡና ለጓደኞቻቸው ያስረዳሉ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ነገሩ ከየት እንደ መጣና ከምን እንደ ተሠራ ሳይናገሩ «ያምራል» ማለት አይፈቀድም። መጀመሪያ ላይ ይጨነቃሉ፤ «ያምራል»ን ከነጠቃችኋቸው ብዙዎቹ የሚሉት ያጣሉ። ቀስ በቀስ ግን እጃቸው መናገር ይጀምራል። ያገላብጡታል፣ ይጠቁማሉ፣ ያሸቱታል።

አንድ አርብ አንዲት ልጅ የሸማኔ አባቷን መወርወሪያ ይዛ መጣች። በሻሽ ጠቅልላው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ካኖረችው በኋላም እጇን ከላዩ አላነሣችም። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ጫፎቹ የሾሉ፣ መሐሉ የተቦረቦረ። በተቦረቦረው ውስጥ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም ይገባል፤ ክሩ በጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። አውራ ጣት የሚያርፍበት በኩል ከሌላው ጎን ይልቅ ለስልሶ ያብለጨልጫል። «ይህን ማንም አልሞረደውም፤ አባቴ ሲወረውር ሲወረውር ነው እንዲህ የሆነው» አለችን። ልጆቹ ከየወንበራቸው ተነሥተው ከበቧት። አንዱ ሊዳስሰው ለመነ፤ ሌላው አባቷ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወረውር ጠየቀ። እየተጠየቀች በሄደች ቁጥር ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ። በመጨረሻ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ «የእኔም አያት ትፈትላለች» አለ። ሁለቱ ልጆች ጎረቤት ናቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው ቤት አያውቅም ነበር።

ለምን አልተነጋገሩም? የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን በአገራችን ሲሰደብ ኖሯል። ሸማኔው፣ ብረት ሠሪው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው የሚያለብሰንንና የሚያርስልንን ያህል ስም ወጥቶለታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዝዘዋል፤ ሸማኔውንም ጸሐፊውንም በስም እያነሡ። ከአዋጁ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቀንሷል፤ ልጅ የአባቷን መወርወሪያ በሻሽ ጠቅልላ የምታመጣበት ስሜት ግን ገና አልለቀቀንም። አዋጅ ከላይ ይከለክላል፤ ከታች ያለውን ሐፍረት ሲፈታ ያየሁት ግን «ይህቺ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» የሚል የልጅ ጥያቄ ነው።

ከዚያ አርብ ወዲህ ያየሁት ሰው ሁሉ ነጠላ ላይ ዓይኔ ጥለቱን ይፈልጋል። ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ሽሮ ሜዳ ላይ ከሱቆቹ ጀርባ ወዳሉት የሸማኔ ቤቶች ጎራ ማለትም አብዝቻለሁ። ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው መርገጫውን ያፈራርቃሉ። ነጩ ሲሠራ እጅ ከእግር ጋር ይግባባል፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል፤ ሸማው ሲያድግ በዓይን ይታያል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ሁሉም ነገር ይለወጣል። እጁ ይቆማል። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሣል፣ ቀለሙን ክር በየቦታው ያሳልፋል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይወረውራል፣ ይመታል፤ እንደገና ይቆጥራል። ንድፉ በወረቀት አልተጻፈም። ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

እኔ የምወደው ቦታ ነጩ አልቆ ቀለሙ የሚጀምርበት መስመር ነው። ነጠላ ስታገኙ እዚያ ጋ አተኩሩና ጨርቁን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባው ክሩ ይታያል፤ የት ገብቶ የት እንደ ወጣ፣ የት እንደ ተቀጠለ ይነግራችኋል። ከውጭ በማሽን ታትሞ የሚመጣው ደግሞ ፊቱ ደማቅ፣ ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ ቀለም ጨርቁን ነክቶት አለፈ እንጂ ክር አልገባበትም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላልና ሰው በአቅሙ የታተመውን ገዝቶ ቢደምቅ አልፈርድበትም። የእጅ ሥራ ነው ተብሎ የታተመ ሲሸጥለት ግን ያሳዝነኛል፤ ገዢውም ሸማኔውም ተጎድተዋል። ገልብጦ ማየት ምንም አያስከፍልም።

እዚህ ላይ የማካፈል ወሰን አለ። አንድ ሸማኔ ለመጪው በዓል ያወጣውን አዲስ ጥለት ሲያሳየኝ ስልኬን አወጣሁ። እሱ ግን በዓሉ እስኪያልፍ ፎቶውን ለማንም እንዳላሳይ ለመነኝ። ፎቶው በሰው ስልክ ከዞረ ንድፉ በሳምንታት ውስጥ ታትሞ በግማሽ ዋጋ ሊመጣበት ይችላል። ስልኬን መለስሁ። የወደድሁትን መናገር የእኔ ድርሻ ነው፤ ንድፉ ግን የእኔ አይደለም፣ የእሱ የዓመት እንጀራ ነው። ስለዚህ የሠሪው ጥቅም ባለበት ቦታ ከነመንገዱ መንገር ማለት ሰውን ወደ ሠሪው ደጅ መላክ ነው። ሥዕሉን በፎቶ እየበተኑ ሠሪውን መርሳት ማካፈል አይባልም፤ ዛሬ በስልካችን ከምንለዋወጠው ብዙው እንዲህ ያለ በመሆኑ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይጎዳ እንደ ልብ ሊበተን ወደሚችል ነገር ልሻገር። ይህን ወረቀት ተመልከቱት፤ በእጅ በእጅ አሳልፉት። የሲሚንቶ ከረጢት ነው።

በየሰፈሩ ግንባታ ስላለ ከረጢቱ ሞልቷል። ንብርብር ነው፤ የውጩንና የውስጡን ትታችሁ የመሐለኛውን ውሰዱ። የሲሚንቶ አቧራ ቆዳም ሳንባም ይጎዳልና ከቤት ውጭ ሆናችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ በደንብ ጥረጉት፤ ለልጅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሲደርቅ በከባድ መጽሐፍ ሥር ይተኛ። ከዚያ ለልጁ ሁለት ነገር ስጡት፤ ከምድጃ የተረፈ ቁራጭ ከሰልና ነጭ ጠመኔ።

ነጭ ወረቀት ላይ የሚሥል ልጅ ጥላን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ብርሃኑ ቀድሞ ተሰጥቶታል። በቡናማው ወረቀት ላይ ግን ወረቀቱ ራሱ መካከለኛ ቀለም ነው። በከሰል ወደ ጨለማው፣ በጠመኔ ወደ ብርሃኑ መሄድ አለበት፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ ካልጠየቀ ጠመኔውን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። ይህንን ዘዴ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በባለ ቀለም ወረቀት ሲሠሩበት ኖረዋል፤ እኔ የጨመርሁት ከረጢቱን ነው። ያላሰብሁትን ነገር ያሳዩኝ ግን ልጆቹ ናቸው። የእናታችሁን ፊት ሣሉ ስላቸው፣ ነጭ ወረቀት ላይ ፊቱን ባዶ ነጭ የሚተው የነበረው ልጅ፣ እዚህ ላይ ምንም ሳይቀባ እናቱ ቡናማ ሆና አገኛት። ወረቀቱ የእሷን ቀለም ይዞ ጠበቀው። ግንባሯ ላይና የአፍንጫዋ አናት ላይ ጠመኔውን ነካ ነካ ሲያደርግ ፊቷ ከወረቀቱ ወጣ። እነዚያን ሥዕሎች በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለናቸዋል፤ ወላጆች ሲመጡ ከፊታቸው ቆመው መሄድ ያቅታቸዋል።

ሥዕል የሚሣልበት ገጽ ለሥዕሉ ምን ያህል እንደሚሰጥ ካወቅሁ ወዲህ ብራናን የማይበት ዓይንም ተለውጧል። ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም ሆነ በሌላ ቦታ፣ በመስታወት ውስጥ የተዘረጋ የብራና መጽሐፍ ሲያጋጥማችሁ ወዲያው ወደ ጌጡ ሐረግና ወደ ሥዕሉ አትሂዱ። ጎንበስ በሉና ባዶውን ቦታ እዩ። በገጹ ዳርና ዳር ደቃቅ የመብሻ ነጥቦች ታገኛላችሁ፤ ጸሐፊው መስመሩን ያሰመረው ከነጥብ ወደ ነጥብ በሹል ነገር ገጹን እየጫረ እንጂ በቀለም አይደለም። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ መስመሩ ይታያል። አንደኛው ገጽ ፈዘዝ ብሎ ጥቃቅን ነጠብጣብ ካለው ፀጉሩ የነበረበት በኩል ነው፤ ሥጋው የነበረበት በኩል ይበልጥ ይነጣል።

የምትገርመኝ ግን ቀዳዳዋ ናት። ቆዳው ሲፋቅ ወይም ሲወጠር አንዳንድ ጊዜ ይበሳል። ብራና ደግሞ ውድ ነው፤ ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የተገኘ ነውና በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት አይጣልም። አንዳንዷ በክር ተሰፍታ ትዘጋለች። አንዳንዷ ግን ክፍቷን ትቀራለች፤ ጸሐፊውም ሲደርስባት ቃሉን ከወዲህ ጀምሮ ከወዲያ ይጨርሰዋል። በእንዲህ ያለች ቀዳዳ በኩል የሚቀጥለው ገጽ አንድ ፊደል ብቅ ብሎ አይቻለሁ። ያ ጸሐፊ ስሙን ላይተውልን ይችላል፤ እጁ ለአፍታ የቆመባትን ቦታ ግን ማንም ሊያያት ይችላል።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። አዲስ የሸክላ ጀበና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ አለ፤ ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄዳችሁ ስትገዙ ሽታውን አስቀድማችሁ ለምኗት፣ ታውቀዋለች። ዋሽንት ስታዳምጡ ከዜማው በፊት ያለውን ትንፋሽ ጠብቁ። በስልካችሁ የአማርኛ ፊደል ገበታ ውስጥ ብትፈልጉ ከአራት ነጥብ በተጨማሪ ጥንት ጸሐፊዎች የአንቀጽ ማብቂያ ያደርጓት የነበረችው ፨ አለች፤ ፊደላችን ከነምልክቶቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ አብራ ገብታለች። ለወዳጆቼ የምጽፈውን ደብዳቤ አሁን የምዘጋው በእሷ ነው፤ አንዳንዶቹም መልሰው ይልኩልኛል።

የመጨረሻው ያመጣሁት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ያለው ጤና አዳም ነው። ሽታው እስከ መካከለኛው ረድፍ እንደ ደረሰ አይቻለሁ። በቡናው ስኒ ውስጥ አንዲት ቅርንጫፍ ጣል ሲደረግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከጋራ መኖሪያ ሕንፃ በረንዳ ላይ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ እንደሚበቅል ግን የነገረችኝ ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት። እትዬ ብዬ የምጠራት ሴት ናት፤ ቆርጣ የሰጠችኝ ቅርንጫፍ ዛሬ ቁጥቋጦ ሆኖ ይኸው ለእናንተ ተርፏል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የታችኛውን ቅጠል መልምሉና ግንዱን እስከ ግማሹ ድረስ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ አስገቡት። የቆርቆሮው ታች ይበሳ፤ ጤና አዳም ድርቀትን ይችላል፣ የተኛ ውሃን ግን አይችልም። ሥር እስኪይዝ ጥላ ውስጥ ይቆይ፤ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ወደ ፀሐይ አውጡት። ስትቆርጡት ጭማቂው እጃችሁን ከነካ ታጠቡ፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ቡናዋን ያለ እሱ ትጠጣ። ለሁላችሁም ባይበቃ ያገኘው ላላገኘው ከሁለት ወር በኋላ ቆርጦ ይስጥ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው አሁኑኑ ተዋወቁት።

የቀረው ጊዜ የእናንተ ነው። ከፊተኛው ረድፍ እንጀምር፤ በቀኝ ጥግ ያሉት አባት፣ መነጽራቸውን ያወለቁት፣ ቦርሳቸው ውስጥ አንድ ነገር እንደ ያዙ ሲገቡ አይቻለሁ። አባባ፣ ወደ ድምፅ ማጉያው ይቅረቡ። ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከየት እንዳገኙትም ይንገሩን።